ገጽ በገጽ ላይ፤ የባሮክ ዘመን የመልክ ኅትመትና የሰው ማንነት ጥያቄ

ገጽ የሚለው ቃል ከግዕዝ ወደ አማርኛ ሲተላለፍ ብዙ ትርጉም ይዞ ተላልፏል። ገጽ የሰው ፊት ነው፤ ገጽ የመጽሐፍ ቅጠል አንዱ ወገን ነው፤ በነገረ መለኮት ሊቃውንት አነጋገር ደግሞ ገጽ ማለት ባለ ስም፣ ባለ አካል የሆነ፣ ከሌላው ተለይቶ የሚታወቅ ህልውና ነው። የቴአትር ሰዎችም በመድረክ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ሰው «ገጸ ባሕርይ» ሲሉት ፊትንና ጠባይን በአንድ ስም አጣምረው ነው። እነዚህ ትርጉሞች በአንድ ቃል ውስጥ ተስማምተው ይኑሩ እንጂ በታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ ተስማምተው አልኖሩም። የሰው ፊት በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሲያርፍ ባለ ስሙና ባለ አካሉ ሰው አብሮ ያርፋል? ወይስ ፊቱ ብቻ ተወስዶ ሰውየው ከደጅ ይቀራል? በሌላ አነጋገር፣ የታተመ መልክ ባለቤቱ ማን ነው? የተሣለው? የሣለው? ወይስ ገዝቶ የሚያየው?

ይህ የሥነ ጥበብ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። አንዱ ሌላውን ባየበት ዐይን መጠን ይመዝነዋል፤ በመዘነበትም መጠን ያከብረዋል ወይም ይንቀዋልና። ጥያቄውን ለመመርመር ደግሞ በአውሮፓ በባሮክ ዘመን በመዳብ ላይ እየተቀረጹ ከታተሙት የሰው መልክ ሥዕሎች የበለጠ አመቺ መስክ ማግኘት ያስቸግራል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባሮክ እየተባለ የሚጠራው የጥበብ ዘመን በግምት ከ16ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። በዚያ ዘመን የዘይት ቀለም ሥዕል በአንድ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጥቂቶች ብቻ የሚያዩት ሆኖ ሲቀር፣ ከመዳብ የሚታተመው ምስል ግን በመቶ እየተቈጠረ ይባዛ፣ በገበያ ይሸጥ፣ በመጻሕፍት መግቢያ ይገባ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዝ ነበር። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ቀራጩ በተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ቡሪን በሚባል ሹል ብረት መስመር ይቈፍራል፤ በተቈፈረው ውስጥ ቀለም ይሞላል፤ የሰሌዳውን ፊት ይጠርግና የረጠበ ወረቀት አልብሶ በከባድ መጭመቂያ መካከል ያሳልፈዋል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፣ በሰሌዳው ላይ ያለው በወረቀቱ ላይ ተገልብጦ መውጣቱ ነው፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። ሁለተኛው የባሰ ነው። በኅትመቱ ውስጥ ብርሃን የሚባለው ብረት ያልነካው ወረቀት ሲሆን ጥላና ጥቁረት ግን በመስመር ብዛት የሚገኙ ናቸው። ነጣ ያለ ፊት ለመሥራት ቀራጩ እጁን መሰብሰብ ይበቃዋል። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ለመሥራት ግን መስመር በመስመር ላይ እየደረበ፣ በጥቁረቱም ውስጥ ብርሃኑ በጕንጩና በግንባሩ ላይ የት የት እንደሚያርፍ እያስተዋለ መድከም አለበት። ለማየት ያልደከመ ቀራጭ ፊቱን አንድ ወጥ ጥላ አልብሶት ያልፋል። ስለዚህ በዚህ ጥበብ ውስጥ ሰውን በቅጡ አለማየት የክፉ ልብ ውጤት ብቻ ሳይሆን የእጅና የዐይን ስንፍናም ውጤት ሊሆን ይችላል። ግብረ ገብ የሚጀምረው ከዚህ ትንሽ ቦታ፣ ከመስመሩ ላይ ነው።

የኅትመቱ ልማዳዊ ቅርጽም የታወቀ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሞላላ ክፈፍ፣ በክፈፉ ዙሪያ ስምና ማዕረግ፣ ከሥሩ የላቲን ግጥም ወይም የውዳሴ ቃል ይኖራል። ፍላንድራዊው ሠዓሊ አንቶን ፋን ዳይክ በ1630ዎቹ ያስጀመረውና «ኢኮኖግራፊ» በሚል ስም የታወቀው የመልክ ኅትመቶች ስብስብ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በዚያ ስብስብ ውስጥ መሳፍንት፣ የጦር አዛዦች፣ ሊቃውንትና ሠዓልያን እያንዳንዳቸው በየስማቸው ቀርበዋል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን የአበው ብሂል በመዳብ ላይ የጻፉት ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ስም ያለው ሁሉ በእርግጥ ራሱን ሆኖ ይታይ ነበር ማለት አይደለም። ፒየር ሎምባር የተባለው ፈረንሳዊ ቀራጭ በ1650ዎቹ የኦሊቨር ክሮምዌልን ምስል በፈረስ ላይ አድርጎ ሠራ። የሥዕሉን አኳኋን የወሰደው ፋን ዳይክ የእንግሊዙን ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስን በፈረስ ላይ አድርጎ ከሣለበት ሥዕል ነበር። ክሮምዌል ደግሞ ይኸው ንጉሥ በ1649 አንገቱ እንዲቀላ የተጻፈውን ትእዛዝ ከፈረሙት አንዱ ነው። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዘመን ሲለወጥ በመዳቡ ላይ ያለው ራስ ተፍቆ የፈረንሳዩ ንጉሥ የ14ኛው ሉዊ ራስ ገባበት፤ በሌላ ጊዜም የቀዳማዊ ቻርልስ ራስ ራሱ ተተካበት። በመካከሉ ራስ አልባ ሆኖ የታተመ ቅጂም ስላለ ሥራው «ራስ የለሹ ፈረሰኛ» የሚል ስም አትርፏል። ፈረሱ አልተለወጠም፤ ጥሩሩ አልተለወጠም፤ የሥልጣን አቀማመጡም አልተለወጠም። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፤ አካሉ ግን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከባድ ነው። አስቀድሞ የተቀረጸ አምሳል የባዕዳንና የተናቁ ሰዎች ዕጣ ብቻ አልነበረም፤ ነገሥታቱም በተዘጋጀ ልብስ ውስጥ ይገቡ ነበር። ልዩነቱ፣ ለንጉሡ የተዘጋጀው አምሳል እርሱን ከፍ የሚያደርግና ራሱም የመረጠው መሆኑ ነው። ለሌላው የተዘጋጀውን ግን ሌላው አልመረጠውም።

* * *

ለሌላው ምን እንደ ተዘጋጀለት ለማወቅ የጣሊያናዊውን የቼዛሬ ሪፓን «ኢኮኖሎጂያ» መግለጥ ይበቃል። ይህ መጽሐፍ መጀመሪያ በ1593 ያለ ሥዕል፣ በ1603 ደግሞ ከሥዕል ጋር ታትሞ ለሠዓልያን እንደ መዝገበ ቃላት ያገለገለ ነው። በእርሱ ውስጥ አውሮፓ ዘውድ የጫነች፣ ቤተ መቅደስ በእጇ የያዘች፣ መጻሕፍትና የሙዚቃ መሣሪያ ከእግሯ ሥር የተደረደሩላት እመቤት ናት። አፍሪካ ደግሞ የዝሆን ራስ የደፋች፣ በአንድ እጇ ጊንጥ በሌላው የእህል ዛላ የሞላበት ቀንድ የያዘች፣ በአንድ ወገኗ አንበሳ በሌላው ወገኗ እባቦች ያሉባት ሴት ናት። አንዷ በሠራችው ነገር ትታወቃለች፤ ሌላዋ በአራዊቷ። ሪፓ ይህን ከጥንት ሮማውያን ሳንቲሞችና መጻሕፍት የቀዳው እንጂ አፍሪካን አይቶ የጻፈው አይደለም። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ሠዓልያን ግን ከእርሱ ቀዱ፤ ቅጂው ቅጂ እየወለደ ሄደ።

ከሪፓ አምሳላዊ ሥዕል ወደ ሰው መልክ ሲመጣ ነገሩ ይረቅቃል። በፕራግ በ1607 የተወለደው ቬንሰስላውስ ሆላር ከዘመኑ ብርቱ ታዛቢዎች አንዱ ነበር። በ1640ዎቹ የልዩ ልዩ አገር ሴቶችን በየልብሳቸው አድርጎ ተከታታይ ኅትመቶች አወጣ፤ በእነርሱ ውስጥ አገር ማለት ልብስ፣ ሴቲቱም የልብሱ መስቀያ ሆና ትታያለች። ሆላር በ1645 የአፍሪካውያንን መልክም በትንንሽ ሰሌዳዎች ላይ ሠርቷል። የእነዚህ ፊቶች አሠራር በጥንቃቄ የተሞላ ነው፤ የቆዳው ብርሃን፣ የከንፈሩ ቅርጽ፣ የዐይኑ አቅጣጫ ሁሉ ከእውነተኛ ሰው የተወሰደ መሆኑን ይመሰክራል። ቀራጩ አልሰነፈም። ነገር ግን ስም የለም። ያቺ ወጣት ሴት ማን ናት? ከየት መጣች? በማን ቤት ትኖር ነበር? ኅትመቱ መልስ አይሰጥም። በፋን ዳይክ ስብስብ ውስጥ ያለው መካከለኛ ሠዓሊ ሳይቀር ስሙ ሲነገር፣ የእርሷ ፊት የ«ዓይነት» ምሳሌ ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ መልክ መመሳሰሉ ብቻውን ሰውን እንደማያድን ግልጽ ይሆናል። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» የተባለው ለዚህም ሳይሠራ አይቀርም።

* * *

ስም የተሰጠው ምስል ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። የዚህ ዋነኛ ማስረጃ ሲሞን ፋን ደ ፓስ የተባለው ሆላንዳዊ በ1616 ለንደን ላይ የቀረጸው የአንዲት የ21 ዓመት ሴት ምስል ነው። ዓለም ፖካሆንታስ ብሎ ያውቃታል፤ ይህ ግን የልጅነት ቅጽል ስሟ ነበር። የሰሜን አሜሪካው አለቃ የፓውሃታን ልጅ ናት። እንግሊዞች በ1613 ማርከው ወሰዷት፤ በ1614 ተጠምቃ ርብቃ ተባለች፤ በዚያው ዓመት ጆን ሮልፍ የተባለ የትንባሆ ገበሬ አገባት። በ1616 የቨርጂኒያ ኩባንያ ወደ እንግሊዝ አገር አመጣት፤ ኩባንያው ገንዘብ የሚያወጡለት ሰዎች ይፈልግ ስለ ነበረ እርሷን ማሳየት ይጠቅመው ነበርና። በ1617 ወደ አገሯ ለመመለስ ተሳፍራ ሳለች ታማ በግሬቭዜንድ ሞተች።

በኅትመቱ ላይ ረጅም ባርኔጣ ደፍታ፣ ከአንገቷ ሰፊ የጥልፍ ዐንገትጌ አድርጋ፣ በእጇ የላባ ማራገቢያ ይዛ ትታያለች። ልብሱ የእንግሊዝ እመቤት ልብስ ነው። ማዕረጓም በአውሮፓ ሚዛን ተተርጕሟል፤ አባቷ «የቨርጂኒያ ንጉሠ ነገሥት» ተብሏል። ይህ ውሸት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ፊቷን ያስተዋለ ግን ሌላ ነገር ያያል። ጕንጯ ጎላ ያለ፣ አገጯ ጠንካራ፣ ዐይኗ ወደ ተመልካቹ በቀጥታ የሚያይ ነው፤ ፈገግታ የለም። ልብሱ የኩባንያው ነው፤ አተያዩ ግን የእርሷ ነው። ቀራጩ ፊት ለፊት ተቀምጣ ያያትን ሴት ከባርኔጣው በታች ሊሰርዛት አልቻለም ወይም አልፈለገም። ከዚህ ኅትመት ተቀድቶ በኋላ በዘይት ቀለም በተሣለው ሥዕል ላይ ግን ፊቷ ነጥቶና ለስልሶ እንግሊዛዊት መስላለች። ቀጂው ሰዪቱን አላያትም፤ ያየው ወረቀቱን ነው።

ከምስሉ በላይ የሚያስገርመው ጽሑፉ ነው። «ማቶአካ ወይም ርብቃ» ይላል፤ የአገሯንም ስም «አታኑግኮሙክ ወይም ቨርጂኒያ» ብሎ ይጽፋል። በአንድ «ወይም» የሰው ስም፣ በሌላ «ወይም» የአገር ስም ተለወጠ። ሰውን ዳግመኛ መሰየምና አገርን ዳግመኛ መሰየም አንድ ተግባር መሆኑን ይህ ትንሽ ወረቀት ሳያውቀው ይመሰክራል። ነገር ግን ያው «ወይም» የሚል ቃል በሌላ ወገን ደግሞ በር ነው፤ ፊተኛው ስም ጨርሶ አልተፋቀም። ማቶአካ የሚለው ስሟ የተቀመጠው አዲሱን ስም ሊያውጅ በታተመው ወረቀት ላይ ነው።

ከዚህ ወደ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ቈይቶ፣ በ1710፣ ከሰሜን አሜሪካ አራት መልእክተኞች ወደ ለንደን መጥተው በንግሥት አን ፊት ቀረቡ። ሦስቱ ሞሆክ፣ አንዱ ማሂካን ነበሩ። እንግሊዞች «አራቱ የሕንድ ነገሥታት» አሏቸው፤ ነገሥታት ግን አልነበሩም። ሠዓሊው ጆን ቬሬልስት በንግሥቲቱ ትእዛዝ ሣላቸው፤ ጆን ሳይመን ደግሞ በሜዞቲንት ዘዴ አተማቸው። ሜዞቲንት ሉድቪግ ፎን ዚገን በ1642 ለሕዝብ ያስተዋወቀው፣ የመዳቡ ፊት አስቀድሞ ሻካራ ተደርጎ ሠሪው እየፋቀና እየወለወለ ከጥቁረት ውስጥ ብርሃን የሚያወጣበት ዘዴ ነው። በምስሎቹ ውስጥ እንግሊዝ የምትፈልገው ጫካና ቀይ ካባ አለ። ነገር ግን በየሰዎቹ እግር አጠገብ የየነገዳቸው ምልክት የሆነው እንስሳ፣ ተኵላው፣ ድቡና ኤሊው ቆሟል፤ አንደኛውም በእጁ የቃል ኪዳን መግለጫ የሆነውን የዛጎል መታጠቂያ ይዟል። የለንደን ገዢ እንስሳውን እንደ ሪፓ አንበሳ የዱር ምልክት አድርጎ አይቶት ይሆናል፤ ለባለቤቶቹ ግን የትውልድ ሐረግ ነው። አንድ ምልክት ለአንዱ አውሬ፣ ለሌላው ዘር ሆነ። እንግዲህ የታተመ መልክ ሁለት አንባቢ አለው፤ አንዱ ሰሙን፣ ሌላው ወርቁን ያነብባል።

* * *

በዚህ የምስሎች ጉባኤ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊም አለ። እርሱም ከአምሐራ ምድር፣ ከመካነ ሥላሴ የወጣው አባ ጎርጎርዮስ ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፣ የአፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ ሃይማኖት ውዝግብ ተከትሎ ከአገሩ ወጥቶ በሮማ በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ገዳም ይኖር ነበር። በ1649 ከኤርፉርት የመጣው ወጣቱ ጀርመናዊ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በዚያ ገዳም አገኘው። በ1652 የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዞት ወደ ጀርመን ተጓዘ፤ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥትም ስለ አገሩ ታሪክ፣ ሥርዐት፣ ሃይማኖትና ቋንቋ እየተጠየቀ መለሰ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ያሳተማቸውም የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያለ አባ ጎርጎርዮስ ትምህርት በዚያ መልካቸው ባልተገኙ ነበር። መምህሩ ግን እነዚህን መጻሕፍት አላያቸውም። በ1658 ወደ አገሩ ለመመለስ በጉዞ ላይ ሳለ መርከቡ ተሰብሮ ባሕር በላው።

ሉዶልፍ በ1691 የታሪኩን ሐተታ በፍራንክፈርት ሲያሳትም የመምህሩን ምስል በመዳብ አስቀርጾ አወጣ። ቀራጩ ኤልያስ ክሪስቶፍ ሃይስ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ከሞተ 33 ዓመት አልፎታል፤ ሃይስ የተወለደው ደግሞ ከሞቱ በኋላ፣ በ1660 ነው። የመዳቡ ቀራጭ ያልዋለበትን ፊት ቀረጸ ማለት ነው። ይህን ምስል ለብቻው አውጥቶ ያየ ሰው «የባሮክ ዘመን አውሮፓ አንድን ሐበሻ መነኵሴ እንዲህ ገመተችው» ከማለት የዘለለ ነገር አያገኝበትም።

ምስሉ ያለው ግን በመጽሐፍ ውስጥ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አባ ጎርጎርዮስ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚናገር ነው። አውሮፓ እስከዚያ ድረስ ኢትዮጵያን ታውቃት የነበረው በአብዛኛው በቄሱ ዮሐንስ አፈ ታሪክ፣ እንዲሁም ሉዊስ ደ ኡሬታን በመሳሰሉ ተረት ጸሐፊዎች ነበር። ሉዶልፍ ይህን ተረት ሲነቅፍ ከተደገፈባቸው ምስክሮች አንዱ የአባ ጎርጎርዮስ ቃል ነው፤ ይህንንም ስሙን እየጠራ ይናገራል። ለሉዶልፍ በግዕዝ የጻፋቸው ደብዳቤዎችም አልጠፉም። ቀራጩ ፊቱን ከሩቅ ገምቶ ይሆናል፤ ቃሉን ግን ማንም አልገመተለትም። በዚህ ዘመን ከአውሮፓ ውጭ መጥተው በመዳብ ከተቀረጹት ሰዎች መካከል ገጹ ከነቃሉ የተረፈለት ሰው ብርቅ ነው። ማቶአካ ራሷ የጻፈችው አንድ መስመር እንኳ የለም፤ ተናገረች የተባለውንም የምናገኘው ከእንግሊዞች ብዕር ነው።

* * *

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ «አስቀድሞ የተቀረጸ አምሳል የሌለበት ጥበብ የት አለ? ሠዓሊ ሁሉ ከቀደመው ይማራል፤ ተመልካችም የሚያውቀውን ምልክት ካላየ አይገባውም። ለምን የባሮክ ቀራጮች ብቻ ይወቀሳሉ?» ሊል ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዐይናቸው ፊት ለፊት፣ ሰይጣናትና ኃጥኣን ግን በአንድ ዐይን በጎን እንዲሣሉ የቈየ ልማድ አለ። ያ ሥዕል ራሱ በጎንደር ዘመን ከአውሮፓ ከመጡ ኅትመቶች ጋር ተገናኝቷል፤ የሮማው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ የእመቤታችን ሥዕል ቅጂና ሮማ ላይ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች በኢትዮጵያውያን ሠዓልያን እጅ ሌላ ቀለምና ሌላ ሕይወት አግኝተዋል። በእነዚህም ሥዕሎች ውስጥ ጠላት ፊቱ ግማሽ ነው። ማንም ሕዝብ በዚህ ነገር ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም።

መልሱ ያለው ከቅርጹ አስፈላጊነት ላይ ሳይሆን ከቅርጹ ዕድሜ ላይ ነው። ወርቅ አንጥረኛ ጌጡን ሊሠራ መጀመሪያ በሰም ያበጀዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም በቦታው ይፈስሳል። ያለ ሰም ወርቁ ቅርጽ አያገኝም። ሰሙ አልቀልጥም ያለ ዕለት ግን ወርቁ መግቢያ ያጣል። አስቀድሞ የተቀረጸ አምሳል ማለት አልቀልጥም ያለ ሰም ነው። ይህን አስተሳሰብ አውሮፓውያን ራሳቸው የሰየሙበት ቃል ከማተሚያ ቤት መውጣቱም የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። «ስቴሪዮታይፕ» በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ፈረንሳዊው አታሚ ፊርመን ዲዶ ፊደሉ ሁሉ በአንድ ላይ ቀልጦ የጠጠረበትን የማተሚያ ሰሌዳ የጠራበት ስም ነበር፤ «ጠጣር ማኅተም» እንደ ማለት ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ ዎልተር ሊፕማን በ1922 ስለ ሕዝብ አስተያየት በጻፈው መጽሐፍ ቃሉን ወደ ሰው ኅሊና አዛወረው። ማተሚያ ቤት ለፍጥነት የፈለገውን ጠጣርነት ኅሊናም ለፍጥነት ይፈልገዋል። ሰውን አንድ በአንድ ማወቅ አድካሚ ነውና።

እንግዲያው አንድን ምስል የሚያስነቅፈው ከተዘጋጀ ቅርጽ መነሣቱ ሳይሆን የተሣለው ሰው ለዚያ ቅርጽ መልስ የሚሰጥበትን በር መዝጋቱ ነው። የሪፓ አፍሪካ መልስ መስጫ የላትም፤ ማንንም አትመስልምና። የሆላር ወጣት ሴት በዐይኗ ትመልሳለች፤ ስሟን ግን ማንም አልጠየቃትም። ማቶአካ በአተያይዋና በፊተኛ ስሟ ትመልሳለች። አራቱ መልእክተኞች በእንስሶቻቸው ይመልሳሉ። አባ ጎርጎርዮስ በቃሉ ይመልሳል። በሩ ከጠባብ ወደ ሰፊ ይሄዳል፤ የምስሉም ክብር በዚያው መጠን ይጨምራል።

ከዚህም የተነሣ የተመልካቹ ኀላፊነት ከቀራጩ ያነሰ አይደለም። ቀራጩ ሞቷል፤ መዳቡም ተበልቷል፤ ኅትመቱ ግን ዛሬም በየመጽሐፉ፣ በየቤተ መዘክሩ ግድግዳና በየኤሌክትሮኒክ መስኮቱ ይባዛል። የአባ ጎርጎርዮስን ምስል «አንድ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ» ብሎ ያለ ስሙ የሚያትም አዘጋጅ በ1691 ያልተፈጸመውን በደል ዛሬ ይፈጽማል። በአሁኑ ጊዜ ከሚሊዮን ቀደምት ሥዕሎች ተምረው አዲስ ፊት የሚያወጡ የኮምፒውተር መሣሪያዎች ተፈጥረዋል፤ እነርሱም በባሕርያቸው የቅጂ ቅጂ ሠሪዎች ስለ ሆኑ ሰሙን ማቅለጥ የሚጠበቀው ከሚያዝዛቸውና ከሚያያቸው ሰው ነው። የድሮዎቹን ኅትመቶች ማቃጠልም ሆነ መሰወር መፍትሔ አይሆንም። ኅትመቱ ቢጠፋ የማቶአካ አተያይም አብሮ ይጠፋል።

የሚገባው ነገር ሌላ ነው። በገጹ ላይ ያለውን ገጽ ያየ ሁሉ ስሙ ማን ነበር ብሎ ይጠይቅ፤ ስሙ ከተገኘ ቃሉን ይፈልግ፤ ቃሉ ካልተገኘ ደግሞ የልብሱንና የክፈፉን ወሬ እንደ ሰውየው ቃል አድርጎ አይቀበል። ሰውን ከአምሳሉ ለይቶ ለማየት የሚከፈለው ዋጋ ይህ ድካም ነው። ሆላር በ1645 በአንዲት ስም የለሽ ሴት ጕንጭ ላይ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ደክሟል፤ ስሟን መጠየቅ ግን ቀርቶበታል። የቀረው እዳ ለተመልካች ተላልፏል።